ሰባተኛው ወጥመድ

"ቀስ ይበሉ ጋሽ ሞተር! ገመዱ ከብዷል።"

ሽማግሌው ሞተሩን አጠፉ። ሚዛን ጉልበቷን ከጀልባዋ ጠርዝ ጋር አጣብቃ፣ እርጥቡን ገመድ በሁለት እጇ እየተቀባበለች ሳበች። ሰባተኛው ወጥመድ ጭቃና ቅጠል ለብሶ ከውኃው ብቅ አለ። ስድስቱን ባዶ አውጥታ ባዶ መልሳለች። ይሄም እንደ ታላላቆቹ ነው ብላ እርሳሷን ከጆሮዋ ሥር መዝዛ መዝገቡ ላይ "ባዶ" ልትጽፍ ስትል፣ በመረቡ ጥግ አንድ ነገር ተነቃነቀ።

"ቅጠል ነው" አሉ ጋሽ ሞተር።

"ቅጠል ወደ ጎን አይራመድም።"

የመዳፏን ግማሽ የምታክል፣ ጀርባዋ ጭቃ የመሰለ፣ የመቆንጠጫዋ ጫፍ ቀላ ያለ ሸርጣን ነበረች። ሚዛን በጓንቷ ከኋላ ይዛ ገለበጠቻት። ሆዷ ሥር ያለው ሰፊ ክዳን ከፈት ብሏል። ከሥሩ እንደ ማሽላ ፍሬ ያሉ እንቁላሎች ተጠቅጥቀዋል።

"እርጉዝ ናት እንዴ?" አሉ ጋሽ ሞተር፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው።

"እንዲያ በሏት።"

"ስንት ይሆናል?"

"ሦስት መቶ። ምናልባት ከዚያም በላይ።"

ጋሽ ሞተር ወደ እንቁላሎቹ ጎንበስ አሉና፣ "ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል አሉ" አሉ። ሊያስቋት ነበር፤ ድምፃቸው ግን መሐል ላይ ተሰበረ።

ሸርጣኗን ባልዲ ውስጥ ከትታ ክዳኑን ገጠመች። መዝገቡ ላይ ግን ምንም አልጻፈችም። "ሚዛን" የሚለውን ስም የሰጧት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው፤ ሳትመዝን አትናገርም ብለው ግማሹ ለሙገሳ፣ ግማሹ ለፌዝ። በዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤት አሥራ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ያየችውን ሳትጽፍ ቀርታ ግን አታውቅም።

ሸርጣኑ ወደ ታችኛው ወንዝ የገባው የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። ከየት እንደመጣ በውል የሚያውቅ የለም። በመጀመሪያው ዓመት ሰው እያነሳ ፎቶ ተነሳበት። በሁለተኛው ዓመት መረብ ቆረጠ፣ መረብ ውስጥ የገባ ዓሣ በላ፣ ዳርቻውን እየሰረሰረ የአንዱን ገበሬ ማሳ ግማሽ ወደ ወንዝ ጣለው። ያም ሆኖ ሁሉም የሚጽናናበት አንድ ነገር ነበር፤ ግድቡ። ባለ ሦስት ፎቅ ቤት የሚያክል ለስላሳ ኮንክሪት ነው። "ክንፍ ካላወጣ ወደ ላይኛው ሐይቅ አይወጣም" ይባል ነበር። ሚዛንም ይህንኑ በቁጥርና በሠንጠረዥ አስደግፋ እንድትጽፍ ሁለት ወር ተሰጥቷት ነበር። የስጋት ግምገማው ኮሚቴ የሚቀመጠው ዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው።

የሌላ ጀልባ መቅዘፊያ ሲንቦጫረቅ ሰምታ ቀና አለች። ወንድሟ ነው። የላይኛው ሐይቅ ዓሣ አጥማጆች ማኅበር ሊቀመንበር እሱ ነው፤ አርባ ጀልባ፣ አርባ ቤተሰብ በሱ አፍ ይናገራል። ሚዛን ሳታስበው ባልዲው ክዳን ላይ ተቀመጠች።

"እንደምን አደርሽ እህትዓለም! ወንበር ጠፍቶ ነው ባልዲ ላይ የተቀመጥሽው?"

"ደክሞኝ ነው ጋሼ።"

"በጠዋቱ? ለነገሩ ይድከምሽ። እኛን በፍተሻ ያደከምሽን ያህል ባይሆንም።" ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ሰብስቦ ጀልባውን ጠጋ አደረገ። "ምን አገኘሽ?"

"ገና አልጨረስኩም።"

"እኔ የጠየቅሁሽ ጨረስሽ ወይ ብዬ አይደለም።"

"ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትሰማለህ። ኮሚቴው ውስጥ አለህ አይደል?"

ወንድሟ ዓይን ዓይኗን አያት። በልጅነታቸው እናታቸው ያስቀመጠችውን ስኳር ስትቅም እንደዚህ ነበር የሚያያት፤ ምንም ሳይል፣ ሁሉንም እያወቀ። "እሺ" አለና ቀዘፈ። ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ዞር ሳይል፣ "ሐይቁን እንዳይዘጉብን ብቻ" አለ።

ጀልባው የሸምበቆው ጥግ ጋ ሲሰወር ሚዛን ከባልዲው ተነሳች። ወደ ሐይቁ ዳርቻ ተመለከተች። ሰባተኛው ወጥመድ ያለበት ቦታ ከመሥሪያ ቤቱ የጀልባ ማውረጃ ሠላሳ እርምጃ አይሞላም። ዙሪያው በሽቦ ታጥሯል፤ በሩም ቁልፍ አለው። የአጥማጆቹ ወደብ ደግሞ ከሐይቁ ማዶ ነው፤ በመቅዘፊያ አንድ ሰዓት ያስኬዳል። ማዶ ያሉት አምስት ወጥመዶች ሁለት ወር ሙሉ አንድ ሸርጣን ይዘው አያውቁም።

"ወደ ማውረጃው ይመልሱን" አለቻቸው ጋሽ ሞተርን።

*

የቤተ ሙከራው ክፍል ጠባብ ነው። አንድ የብረት ማጠቢያ፣ አንድ ሚዛን፣ አንድ የሚንቋቋ ማራገቢያ። ሸርጣኗን ለካች፤ አርባ አንድ ሚሊ ሜትር። ያደገች ናት። እዚህ የተወለደች ልትሆን አትችልም፤ አድጋ፣ ምናልባትም ከታች ካለው ወንድ ጋር ተገናኝታ የመጣች ናት። እንዲህ ያሉት ሴቶች የወንዱን ዘር ወራት ይዘው መቆየት እንደሚችሉ እሷ ራሷ ለባልደረቦቿ ያስተማረችው ነገር ነው።

ከመደርደሪያው ሰማያዊውን መዝገብ አወረደች። የዕቃ ንጽሕና መዝገብ ይሉታል። ከአንድ ውኃ ወጥቶ ወደ ሌላ ውኃ የሚገባ ማንኛውም ወጥመድ በፈላ ውኃ ይታጠባል፣ አምስት ቀን ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ ከዚያ ይፈረማል። ገጾቹን ወደ ኋላ ገለጠች። ዘጠኝ ሳምንት። ቀኑን አገኘችው።

"አሥራ ሁለት ወጥመዶች። ታጥበዋል። ደርቀዋል።" ከሥሩ የሷ ፊርማ።

አልታጠቡም። አልደረቁምም።

ያን ቀን ከታችኛው ወንዝ አሥራ ሁለቱንም ወጥመድ ሰብስባ ስትመጣ ኃላፊው በር ላይ ቆመው ነበር የጠበቋት። ፕሮግራሙ በሳምንት ዘግይቷል፤ የላይኛው ሐይቅ ቅኝት ነገውኑ ይጀመር አሉ። መጀመሪያ ይታጠቡ እያለች ስትከራከር ስልኳ ጮኸ። የልጇ ትምህርት ቤት ነው። ልጅቷ አስሟ ተነስቶባት መተንፈስ አቅቷታል። ሚዛን መዝገቡን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ፈረመች። ነገ በማለዳ መጥቼ አጥባቸዋለሁ፣ አንድ ቀን ምን ያመጣል አለች። ያን ሌሊት ሐኪም ቤት አደረች። በማግስቱ ረፋድ ላይ ስትመጣ ስድስቱ ወጥመድ ከመሥሪያ ቤቱ ሌሎች ወጥመዶች ጋር በማውረጃው በኩል ላይኛው ሐይቅ ውስጥ ገብቷል። ስድስቱ ደግሞ በጭነት መኪና ተጭኖ ከተራራው ማዶ ወዳለው ሐይቅ ተልኳል፤ የዚያ ወረዳ መሥሪያ ቤት ወጥመድ የለንም ብሎ ለምኖ ነበር።

ልጅቷ ዳነች። እሷም ረሳችው። አይ፣ አልረሳችውም። እንዳታስበው አድርጋ አስቀመጠችው።

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። ኃላፊው ናቸው። ባልዲውን ጎንበስ ብለው አዩና በረጅሙ ተነፈሱ።

"ስለዚህ ገባ።"

"ገብቷል ጌታዬ። እንቁላል ይዛለች።"

"አጥማጆቹ ናቸው" አሉ ወዲያው። "ከታች ይዘው ከላይ ሊያረቡት ነው። ከተማ ውስጥ ምግብ ቤቶች እየፈለጉት ነው አሉ። ሰው እንዲህ ነው፤ ለዛሬ ሆዱ የነገ ቤቱን ያቃጥላል።"

"ማስረጃ አለን?"

"ማስረጃው እሱ ራሱ ነው! በእግሩ አልወጣ። ሰው ነው ያወጣው።"

"ሰው ነው" አለች ሚዛን። ቀጥሎ የሚመጣው ቃል ጥርሷ ላይ ደርሶ ነበር። ኃላፊው ግን ሰዓታቸውን አዩ።

"ጀልባዎቹ በሙሉ እንዲወረሱ ሐሳብ አቀርባለሁ። ሊቀመንበሩ ወንድምሽ መሆኑን አውቃለሁ፤ ከበደሽ በሠንጠረዡ ላይ ብቻ ተናገሪ፤ ሌላውን እኔ እወጣዋለሁ። መዝገቡን ምን አደረግሽው?"

"እያየሁት ነው።"

"ጥሩ። የኛ ንጹሕ መሆኑ እንዲታይ ይዘሽው ነይ።"

በሩ ተዘጋ። ሚዛን ማጠቢያው ላይ ተደግፋ ቆመች። ባልዲው ውስጥ ሸርጣኗ ፕላስቲኩን እየቧጠጠች ነው።

*

ጋሽ ሞተርን ያገኘቻቸው ከጋራዡ ጀርባ ነው። ጀልባዋን ገልብጠው በብሩሽ ይፈትጋሉ። ስትመጣ ቀና ሳይሉ፣ "አውቄያለሁ" አሉ።

"ምኑን?"

"የመጣሽበትን። ያን ቀን ወጥመዶቹን የጫንኳቸው እኔ ነኝ እኮ። ውኃ እያንጠባጠቡ ነበር። የጀርባዬን ሸሚዝ አርሰውታል።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ምን ልበል? ኃላፊው 'ተፈርሟል፣ ጫን' አሉኝ። አየሁት፤ ተፈርሟል። ሚዛን ከፈረመች አለቀ አልኩ።" ብሩሹን አስቀመጡ። "የፈረምሽው አንቺ ነሽ፣ የተሸከምኩት ግን እኔ ነኝ። ልጄ፣ ኮንትራቴ ሊያልቅ አርባ ቀን ቀርቶታል። በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል?"

"የእርስዎን ስም አላነሳም።"

"እንግዲህ እኔ ተናገሪም አትናገሪም አልልም።" እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ። "ግን እርግጠኛ ነሽ? ምናልባት ሌላ ሰው አምጥቷት ቢሆንስ? ወፍም ይጥላል ይባላል።"

ሚዛን ስታስበው የነበረው ይህንኑ ነው። ወፍ። የልጆች ባልዲ። የሽርሽር ሰው። ሁሉም ሊሆን ይችላል። ሊሆን ይችላል የሚለው ቃል እንዴት ያለ ለስላሳ ትራስ ነው! ግን ወፍ የጣለው ሸርጣን መርጦ ከመሥሪያ ቤቱ ማውረጃ ሠላሳ እርምጃ ላይ ይወድቃል?

"ሌላ ነገርም አለ" አሉ ጋሽ ሞተር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "የቀሩት ስድስቱ። የተራራው ማዶዎቹ። እነሱም ከዚያው ክምር ናቸው።"

ሚዛን አንገቷን ነቀነቀች። ከጠዋት ጀምሮ ስትሸሸው የነበረው ይህ ነበር፤ አሁን በሰው አፍ ሲነገር ግን ከተገለበጠችው ጀልባ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች።

*

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስድስት ሰው በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጠ። ወንድሟ ከበሩ አጠገብ ነው፤ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፤ እጆቹ ግን አሁንም ዓሣ ዓሣ ይሸታሉ። ሸርጣኗ ክዳኑ በተከፈተ ባልዲ ውስጥ መሐል ላይ ተቀምጣለች። ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ አንገቱን አስግጎ አይቷታል።

መጀመሪያ የተናገረችው የግድቡ መሐንዲስ ናት። ጭቃ የነካው ቡት ጫማዋን አላወለቀችም።

"እናንተ ስለ ዓሣ ታወራላችሁ። እኔ ስለ አፈር ልንገራችሁ። መሐሉ ኮንክሪት ነው፤ ግራና ቀኙ ግን የተጠቀጠቀ አፈር ነው። ይሄ ፍጡር አንድ ክንድ ይቆፍራል። አንድ ጉድጓድ ምንም አይደለም። ሺህ ጉድጓድ ግን ውኃ መንገድ ያገኛል። ከሥሩ አራት መቶ ቤት አለ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው የምለው።"

ኃላፊው ወደ ሚዛን ዞሩ። "ነጥቡን ንገሪን።"

ወረቀቷን አነሳች። ድምፅዋ ለራሷ የሌላ ሰው ይመስላት ነበር። "የመራባት ዕድል፣ ከአምስት አምስት። በዓሣ እንቁላል ላይ የሚያደርሰው ጉዳት፣ አራት። በግድቡ ላይ፣ አምስት። እንቁላሎቹ ከመፈልፈላቸው በፊት ዳርቻውን በሙሉ ማጥመድ አለብን። ሐይቁ ለሦስት ወር ከማንኛውም ጀልባና መረብ እንዲዘጋ ሐሳብ አቀርባለሁ።"

ወንድሟ ወንበሩ ላይ ተንቀሳቀሰ። ፊቱ አመድ መሰለ።

"የመግቢያው መንገድ?" አሉ ኃላፊው። "እሱን እኔ ልበለው። ይህ እንስሳ በሰው እጅ ነው የመጣው። ሐይቁ ላይ ቀን ከሌት ያለው ማነው? የማኅበሩ ጀልባዎች…"

ወንድሟ ብድግ አለ። "ጌታዬ! በልጆቼ እምላለሁ፣ ከኛ ውስጥ አንድም ሰው ይህን ነገር አልነካም። ሁለት ወር ሙሉ በገባን በወጣን ቁጥር ተፈትሸናል። የፈተሸችን ደግሞ እቺ ናት፣ የገዛ እህቴ! ጠይቋት!"

ሁሉም አያት። የጣሪያው ማራገቢያ ይሽከረከራል። ሚዛን ሰማያዊውን መዝገብ ከጭኗ ላይ አነሳችና ጠረጴዛው ላይ ገልጣ አስቀመጠችው።

"ያመጣኋት እኔ ሳልሆን አልቀርም" አለች።

"ሳልሆን አልቀርም ማለት ምን ማለት ነው?" አሉ ኃላፊው።

"ከታችኛው ወንዝ የመጡት ወጥመዶች አልታጠቡም ነበር። ታጥበዋል ብዬ ፈርሜያለሁ። እርጥብ እንደሆኑ ወደ ሐይቁ ገቡ። ሸርጣኗ የተገኘችው እነሱ ከገቡበት ቦታ ነው። መቶ በመቶ እርግጠኛ ነኝ አልልም። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ግን በዚህ ማስረጃ ዘጠና በመቶ ብዬ እጽፍበት ነበር።"

ከጠረጴዛው ጥግ አንዱ፣ "ወንድሟ አይደል? እሱን ለማዳን ነው" ሲል ተሰማ።

"እሱን የሚያድነው ነገር የለም" አለች ሚዛን። "አሁን ሐይቁን ዝጉበት ያልኳችሁ እኔ ነኝ።"

ወንድሟ አሁንም እንደቆመ ነው። ቀስ ብሎ ወደሷ ዞረ። ሚዛን ምስጋና አልጠበቀችም፤ ያየችውን ግን አልጠበቀችም።

"የሰባ ዓመት ሽማግሌ ዝናብ ላይ ጀልባውን ገልብጦ እንዲፈትግ አደረግሽ" አለ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። "'አባቴ፣ አንድ ጠብታ ጭቃ ካየሁ አላሳልፍዎትም' አልሽው። አጠገብሽ ቆሜ ነበር። እኔ ደግሞ 'እህቴ ናት፣ ሥራዋ ነው፣ ታገሷት' እያልኩ ስለምንልሽ ከረምኩ። የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ አሉ!"

"ጋሼ…"

"ጋሼ አትበይኝ።"

በሩን ከኋላው ሳይዘጋ ወጣ።

ድምፅ ተሰጠ። ሐይቁ ለሦስት ወር ይዘጋ፤ ጀልባዎቹ አይወረሱም፤ አጥማጆቹ በቀን ሂሳብ ወጥመድ በማውጣት ይሠሩ። የሚዛን ጉዳይ በዲሲፕሊን ይታይ። ሰው ወንበሩን እየገፋ ተበተነ። መሐንዲሷ ስታልፍ ትከሻዋን ነካ አደረገቻት፤ ምን ማለቷ እንደሆነ ሚዛን አልገባትም።

ኃላፊው ኮሪደሩ ላይ ደረሱባት።

"አዋረድሽኝ" አሉ። "ቢሮዬ መጥተሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?"

"ሞክሬ ነበር። አፌ እምቢ አለኝ።"

የኃላፊው ቁጣ በረድ ብሎ ነበር። "እሺ፣ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። የቃለ ጉባኤውን ግልባጭ ነገ አይተን እናስተካክለዋለን።"

"ከተራራው ማዶ ያለውስ? ስድስቱ ወጥመድ እዚያ ነው። ዛሬውኑ ይነገራቸው።"

"እሱን ለኔ ተይው። ሰኞ በደብዳቤ አደርገዋለሁ።"

"ዛሬ ሐሙስ ነው ጌታዬ። ሰኞ ቢጻፍ፣ ሐሙስ ቢደርስ…"

"በሁለት ሐይቅ ልንዋረድ ነው?" አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፤ ወዲያው ደግሞ ዝቅ አደረጉት። "ዲሲፕሊን የሚያይሽ እኔ ነኝ እኮ። አስቢበት። ሰኞ ምን ያህል ሩቅ ነው?"

ሄዱ። ሚዛን ወደ ጠባቧ ክፍል ተመለሰች። በመስኮቱ ስታይ ወንድሟ ከግቢው በር ውጭ ጀርባውን ሰጥቷት ቆሟል። አጥማጆቹ ከበውታል፤ እየነገራቸው ነው። አንዱ ሽማግሌ ባርኔጣውን አውልቆ መሬት ላይ ጣለው። ልትወጣ ፈለገች። ወጥታ ምን እንደምትል ግን አላወቀችም።

ሰዓቱን አየች። አሥራ አንድ ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነው። ከተራራው ማዶ ያለው መሥሪያ ቤት አሥራ አንድ ተኩል ይዘጋል። ወንበሩን ወደ ስልኩ ጎተተች። ቁጥሩን ሁለቴ ተሳሳተች፤ በሦስተኛው ጠራ። አራት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ። በኮሪደሩ የሚመጣ የእግር ኮቴ ሰማች፤ በሩን ግን ተነስታ አልዘጋችውም።

"ሃሎ" አለች አንዲት ሴት በመጨረሻ፣ እንደቸኮለ ሰው። "ማን ልበል?"

"ያልታጠቡትን ወጥመዶች የላክሁላችሁ ሰው ነኝ" አለች ሚዛን። "እባክዎ ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዙ።"